አስተርጓሚው የዘለለው ስም

እኔ ሐረገወይን ግጥም የሚባል ነገር አይሆንልኝም ነበር። አስተማሪ ስለሆንኩ ልጆቹን አስጠናለሁ እንጂ፣ ጺሙን ያበቀለ ሰው ቆሞ «ዓይንሽ፣ ጥርስሽ» ሲል ከሰማሁ ሳቄ ያመልጠኛል። እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሳቅሽ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል» ይሉኝ ነበር። ሠራኝ።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ከአዲስ አበባ ሸዋንግዛው የሚባል ዝነኛ ተዋናይ የጥንት የፍቅር ግጥሞች ሊያነብልን ይመጣል ተባለና ነገሌ በአንድ እግሯ ቆመች። መኮንኖቹ ልብሳቸውን አስተኮሱ፣ የሹማምንት ሚስቶች ጥልፍ ቀሚሳቸውን ከሳጥን አወጡ። የአውራጃው ገዥ የቦረና ሽማግሌዎችም ይጠሩ፣ ግጥሙም በኦሮምኛ ይተርጎምላቸው ብለው አዘዙ። ፕሮግራሙን እንድመራ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። «ድምፅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ ነገሩኝ።

ጉዮ ነው።

ጉዮ የአባቴ አስተርጓሚ ነው። አባቴ ግራዝማች ገብረወልድ የአውራጃው ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው፤ ከመንዝ ተሹመው ሲመጡ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ስለዚህ እኔ ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስሯሯጥ ለመድኩት። እሳቸው ግን ይህን ሁሉ ዘመን ኖረው ከሰላምታ ቃላቱ ከ«አካም» እና ከ«ናጋ» አላለፉም። ጉዮ የሌለበት ችሎት አይሆንላቸውም ነበር።

ይህ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤታችን ይመላለስ ነበር። ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ የሚመጡ የቦረና ወላጆችን ቃል ይተረጉምልናል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲናገር እጁን አያወራጭም። እሱ በመጣ ቀን ነጠላዬን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደማስተካክል የሥራ ጓደኞቼ አይተው ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወላጆቹ ሄደው፣ እኔና እሱ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ቀረን።

«ሐረገወይን» አለኝ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ነው የምናገረው። ከሳሽ ‘ግመሌን ወሰደብኝ’ ሲል፣ ‘ግመሌን ወሰደብኝ’ እላለሁ። ተከሳሽ ‘አልወሰድኩም’ ሲል፣ ‘አልወሰድኩም’ እላለሁ። የራሴን ቃል የምናገረው አንቺ ጋ ስመጣ ብቻ ነው። እና የራሴ ቃል… እወድሻለሁ ነው።»

እኔስ ምን አልኩት? ሳቅኩ! ወይ ነዶ! ደስታው ነው፣ ድንጋጤው ነው፣ እንጃ፤ ብቻ ያ የተረገመ ሳቄ ከአፌ ፈነዳ። ጉዮ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ባርኔጣውን አነሳ፣ «ደህና ዋይ» አለ፣ ሄደ። ከኋላው አልጠራሁትም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። ድሮ የአባቴን መዝገቦች ተሸክሞ ሲመጣ ከውጭ በሩ ጀምሮ «እትዬ ጥሩነሽ! እንደምን ዋሉ?» ይል ነበር። እናቴም ሳያስቡት ፈገግ ይሉ ነበር። አሁን አንገቱን ደፍቶ «እንደምን ዋሉ» ብቻ። ስም የለ፣ እትዬ የለ። መዝገቡን ደፉ ላይ ያስቀምጥና ይመለሳል። እናቴ «ምን አድርጌው ነው?» እያሉ ሲጨነቁ እኔ ውስጥ ውስጡን አርር ነበር። በእኔ ሳቅ ተቀይሞ እናቴን ሰላምታ ይነፍጋል? እንዲህ ያለ ቂመኛ!

በችሎትም እንደዚያው ሆነ። ድሮ «ክቡር ግራዝማች ገብረወልድ እንዲህ ይላሉ» ብሎ የሚጀምረው ሰው «ዳኛው እንዲህ ይላሉ» ማለት አመጣ። አባቴ መጀመሪያ አላስተዋሉም። በኋላ ግን ከያቤሎ የመጣ ባለጉዳይ ችሎት ፊት ቆሞ «የዳኛው ስም ማን ነው?» ሲል ጉዮን ጠየቀው። ጉዮ ዝም። እንደገና ጠየቀው። አሁንም ዝም። በመጨረሻ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው ስማቸውን የተናገረው። አባቴ ያን ዕለት ደማቸው ፈልቶ ቤት ገቡ።

«ስሜን ተጸየፈው!» አሉ ከዘራቸውን እየወረወሩ። «እንጀራ የሚበላበትን ስም! እኔ እንዲህ ያለ ንቀት አልሸከምም!»

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዶሎ እንዲዛወር አስጻፉበት። ዶሎ! ሙቀቱ ሰው የሚቀቅልበት፣ ከነገሌ ወዲያ አገር ያለቀ የሚመስልበት ቦታ። መኪናው ሰኞ ጠዋት ይነሳል። የግጥሙ ንባብ እሑድ ከሰዓት ነው።

እንዲያው መከራ ሲመጣ ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። በዚያው ሳምንት ሙሉነህ የሚባል የጉምሩክ ሹም ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነው ይሉታል፤ ክፉ ነገር አላየሁበትም። ማክሰኞ መልስ ለመስማት ይመጣሉ። አባቴ «ምን ትያለሽ?» ሲሉኝ፣ በጉዮ ተበሳጭቼ «እርስዎ እንደወደዱ» ብያቸዋለሁ። ሌሊቱን ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

እሑድ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከፊት ገዥው፣ አባቴና እናቴ፣ መኮንኖቹ ከነሚስቶቻቸው ተቀመጡ። በቀኝ በኩል ነጭ የጠመጠሙ የቦረና ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ወንበር ያጡት ሴቶች በመስኮቱ ተደራርበው ቆመዋል፤ ወተት የምታመጣልን ጠጂቱ የወተት ጮጮዋን እንዳዘለች ከሁሉም ፊት ነበረች።

ወረቀቴን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁና ሁሉንም በየስሙ አስተዋወቅኩ። ተዋናይ አቶ ሸዋንግዛውን አልኩ። አስተርጓሚያችንን ደግሞ ከነአባቱ ስም፣ ጥርት አድርጌ፣ በቁጭት ጠራሁት። ስሙን እንዲህ አፌን ሞልቼ የጠራሁት ‘ግድ የለኝም’ ለማለት ነበር። ጉዮ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ፣ ያችኑ አንድ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ወደ እኔ ቀና አለ። ዓይናችን ተጋጨ። የቀረኝ ጊዜ ይህ ከሰዓት ብቻ ነበርና ዓይኔን ለመንቀል አቅም አጣሁ።

ተዋናዩ እንዳሰብነው መልከ መልካም አልነበረም። አጭር፣ ራሰ በራ፣ መንገዱ ያጎሳቆለው ሰው ነው። ጉዮን አይቶ «ግጥም ይተረጎማል እንዴ ወዳጄ?» አለው።

«እሞክራለሁ ጌታዬ» አለ ጉዮ።

ከዚያ ሸዋንግዛው ጉሮሮውን ጠረገ። እናንተዬ፣ ከዚያች ትንሽ ደረት ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም!

«ስምሽን ስጠራው በሜዳ በዱሩ፣
ወፎቹ ተማሩት ይኸው ሲዘምሩ።»

ሳቄን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ጉዮ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣና በኦሮምኛ ተረጎመው። በችሎት የአባቴን ቃል ሲያስተላልፍ እንደለመደው «እንዲህ ይላሉ» አይልም፤ ‘እኔ’ ብሎ ነው የሚናገረው። «እኔ በሜዳው ስምሽን ጠራሁት» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ተያዩ፤ ሴቶቹ በመስኮት አፋቸውን በሻሻቸው ከደኑ። ጉዮ እነሱን አይቶ ጨመረ፤ «የደጋ ሰው ሲወድ ስም ይጠራል። እኛ እንዴት እንደምናደርግ ታውቃላችሁ።» ሽማግሌዎቹ በአንድነት «አዎን» አሉ። እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ቋንቋውን አውቀዋለሁ፣ ቤታቸውን ግን አላውቀውም ነበር።

«ውሃ ጠማኝ ብዬ ከደጅሽ ብመጣ፣
ስምሽን ሰማሁና ጥሙ ከኔ ወጣ።»

ጉዮ ይህንን ወደ ቦረና የውሃ ጉድጓድ ወሰደው። «በበጋ ከብቴን ነድቼ፣ ሌሊቱን ተጉዤ ጉድጓዱ አፍ ደረስኩ» አለ። «ተራዬ አልደረሰም። ሌላው ሲያጠጣ ቆሜ አያለሁ። አንቺ በዚያ በኩል አለፍሽ፣ እኔም ውሃውን ረሳሁት።» ሽማግሌዎቹ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ተዋናዩ ቃሉ ባይገባውም ዞሮ አየውና አንገቱን ነቀነቀ። ተዋናዩ ሲያነብ ደስ ብሎኝ ሰማሁት፤ ጉዮ ሲደግመው ግን ወረቀቴን ጨመደድኩት። ሌላው ሲያጠጣ ቆሜ አያለሁ! ስለ ሙሉነህ ሽማግሌዎች ሰምቷል ማለት ነው።

«ወንዙ ቢሞላብኝ መንገዱ ቢረዝም፣
ልቤ ከደጅሽ ነው እኔ ብሄድ የትም።»

ይህን ሲተረጉም ድምፁ ተሰበረ። «ወንዙ ቢሞላም፣ መንገዱ ቢርቅም» ካለ በኋላ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጨረሰው። አንድም ነገር አልጨመረበትም። ወረቀቴን ፊቴ ላይ አድርጌ እንባዬን ዋጥኩ። ሰኞ ጠዋት በዚያ መኪና ላይ ይህ ድምፅ ይሄዳል፣ እኔም ማክሰኞ ለሌላ ሰው እታጫለሁ። ምን ዓይነት ቂም ነው ብዬ አሰብኩ፣ እንዲህ እየወደደ እንዲህ የሚቀየም?

ጭብጨባው ሲበርድ ተዋናዩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምስጋና አቀረበ። «ይህን መድረክ ላሰናዱልን፣ በቤታቸውም ላስተናገዱን ለክቡር ግራዝማች ገብረወልድና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጥሩነሽ ከልብ አመሰግናለሁ!»

ጉዮ ጀመረ። «ይህን መድረክ ላሰናዱልን፣ በቤታቸውም ላስተናገዱን…» ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። «…ለእሳቸውና ለባለቤታቸው» አለና አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ገዥው ከተቀመጡበት «ስማቸውን ተናገር እንጂ!» አሉ።

ጉዮ ዝም።

አባቴ ተነሱ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «በአደባባይ ደግሞ!» አሉ። «በችሎት ያደረግኸው አልበቃ ብሎህ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ስሜን ጥራ! አሁን ጥራ!»

ጉዮ ከንፈሩን ከፈተ፣ ዘጋው። እናቴ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በዚህ ጊዜ ነው ከቦረና ሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋልጋሎ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው የተነሱት። በገበያ አማርኛቸው፣ ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቶ ተናገሩ።

«ጌታዬ፣ አትቆጡ። ልጁ ባለጌ አይደለም። እኛ አገር ሰው የሶዳ፣ የአማት ማለት ነው፣ ስም አይጠራም። የሚስት አባት ስም፣ የሚስት እናት ስም አፍ ላይ አይወጣም። ነውር ነው። ሴቷም የባሏን አባት ስም አትጠራም። እኛ ልጅዎን ለጉዮ እንደሰጡት አልሰማንም ነበር፤ አሁን አወቅን። ደስ ብሎናል። ናጋ፣ ሰላም ይሁን! ከብት ይብዛ! ልጅ ይብዛ!»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ መዳፋቸውን ወደ አባቴ ዘርግተው «ናጋ! ናጋ!» አሉ።

ክው አልኩ። በአንዴ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣብኝ፤ ደፉ ላይ የቀረው መዝገብ፣ የጠፋው «እትዬ ጥሩነሽ»፣ የያቤሎው ባለጉዳይ፣ የዘበኛው ድምፅ። እኔ ስቄበት የሄደ ሰው በማግስቱ እናቴን አማቱ አድርጓቸው ነበር! ይህን ሁሉ ወራት፣ በየቀኑ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲወደኝ፣ እኔ ቂመኛ እያልኩ ስረግመው ኖሬያለሁ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እናቴ ከነጠላቸው ውስጥ። «እኔ ደግሞ ሰላምታ የነፈገኝ መስሎኝ!»

አባቴ ግን ቆመው ቀርተዋል። «ልጄን ማን ለማን ሰጠ?» አሉ። ዓይናቸው ጉዮ ላይ ነው። «አንተ! ማን ሰጠህ?»

«ማንም አልሰጠኝም ጌታዬ» አለ ጉዮ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቃል ተናገረ። «አልጠየቅኩም። ተስፋም አልተሰጠኝም። ስምዎን ልጠራ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ ቤቴ ሆኜ ለብቻዬ እንኳን ሞከርኩ። አፌ እምቢ አለኝ። ንቀት አይደለም፣ በእናቴ። ነገ ዶሎ እሄዳለሁ። እባክዎን ቅር አይበልዎት።»

አባቴ ዳኛ ናቸው፣ የሰው ቃል ሲሰሙ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ። ከዚያ ዓይናቸው ከእሱ ተነስቶ እኔ ላይ አረፈ። ፊቴ ምን እንደሚመስል እኔ አላየሁትም፤ እሳቸው ግን አዩት።

«ሐረገወይን» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ፕሮግራሙን ጨርሺ። የምስጋናውን ወረቀት አንብቢ። እንደተጻፈው።»

የእጄ ላብ ወረቀቱን አርሶታል። የመጨረሻው መስመር ላይ የጉዮ ስም ከነአባቱ ስም ተጽፏል። አባቴ ምን እንደጠየቁኝ ገባኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ይህ ያልገባው ሰውም አልነበረም። ያን የአባቱን ስም ብጠራው ነገሩ የሽማግሌ ስህተት ሆኖ ይቀራል። ሰው ስቆ ወደ ቤቱ ይገባል፣ የአባቴ ክብር ይመለሳል፣ ማክሰኞ ሙሉነህ መልሱን ያገኛል፣ ጉዮም አንገቱን ደፍቶ ዶሎ ይወርዳል። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት አፌን ሞልቼ ጠርቼው አልነበር?

«ክቡር የአውራጃው ገዥ» ብዬ ጀመርኩ። «ተዋናይ አቶ ሸዋንግዛው። የቦረና ሽማግሌዎች።» ድምፄ የእኔ አይመስለኝም። «አስተርጓሚያችን… አቶ ጉዮ…»

ቀና አልኩ። ጉዮ አያየኝም። ጫማውን ነው የሚያየው፤ ሁለመናው ጆሮ ሆኖ ይጠብቃል። ያኔ ከግራሩ ሥር ሳቄን እንደጠበቀው አሁንም ክፉውን እየጠበቀ እንደሆነ አየሁ።

«ሙሉ ስሙን» አሉ አባቴ።

የአባቱ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልናገረው አፌን ከፈትኩ፣ እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። ቃሉ ግን ከምላሴ አልነሳ አለኝ። አይቻቸው የማላውቅ የጉዮ አባት፣ ከብት የሚያግዱ፣ አማርኛ የማይሰሙ ሽማግሌ፣ በድንገት የሚከበሩ ሰው ሆኑብኝ።

«አፌ እምቢ አለኝ፣ አባባ» አልኩ።

ከመስኮቱ የጠጂቱ እልልታ ፈነዳ! ሌሎቹ ተከተሏት። ሽማግሌዎቹ ዘንጋቸውን መቱ። ሸዋንግዛውም ግጥም የሰማ ያህል አጨበጨበ። ጉዮ ቀና አለ። ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር፤ ሊጠርገውም አልሞከረ። እኔም ሳቅኩ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ። በዚህኛው ሳቄ አልደነገጠም።

አባቴ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ከዘራቸውን ፈለጉ። በጉዮ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። «ያ ደብዳቤ ተፈርሟል» አሉት። «ነገ ትሄዳለህ። ዝውውር ዝውውር ነው።» ሁለት እርምጃ ሄደው ሳይዞሩ ጨመሩ፤ «ዶሎ ግን ሽማግሌ የሌለበት አገር አይደለም።»

ወጡ። እናቴ እንባቸውን እየጠረጉ ተከተሏቸው፤ በጉዮ አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

ሰኞ ጠዋት መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ ነበር። ከጭነቱ ላይ አየኝ። እጁን አላውለበለበም፣ እኔም አልጮህኩም። በጠዋቱ ፀሐይ እስኪጠፋ አየሁት። ማክሰኞ የሙሉነህ ሽማግሌዎች በክብር ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ማየት ሥራዬ ሆነ፤ ከዶሎ የሚመጣ መኪና ድምፅ ሲሰማ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። የጉዮ ሽማግሌዎች እስኪመጡ እንዴት ረጅም በጋ ነበር!

ይህን ሳጫውታችሁ የእኔን አባት ስም ነገርኳችሁ፣ የእናቴንም ነገርኳችሁ። የጉዮን አባት ስም ግን እስካሁን አልነገርኳችሁም፤ አስተውላችሁ ይሆናል። ሰውየው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቼም ስማቸውን ይጠሩታል፣ በየወረቀታቸውም ላይ ይጽፉታል። ማወቅ ከፈለጋችሁ እነሱን ጠይቋቸው። እኔ አልጠራውም።